የአስፋልት ጎማ

ብራየር ከተደረደሩት አራት ጎማዎች የላይኛውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው። ጠጠር የሚቧጥጥ፣ ጭቃ ነክሶ የሚይዝ ጥርስ የለውም፤ ዙሪያውን የሚሄዱት ስስ መስመሮች ብቻ ናቸው።

«ተሳስተሃል መሰለኝ» አለችው ጎማውን ያመጣውን ዊሬሙን። «እኛ ያዘዝነው የኮረኮንች ጎማ ነው።»

ዊሬሙ የፒክአፑን የኋላ በር እየዘጋ ሳቀ። ክሮምዌል ከተማ ውስጥ ጎማ ሲሸጥና ሲጠግን የኖረ፣ ብራየርን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው ነው። «አልተሳሳትኩም፣ ኢንጂነሯ። አባትሽ ደውሎ አስቀየረኝ። ልክ ነው ደግሞ፤ እስከ ታውራንጋ ድረስ አስፋልት ነው። ያን ጥርሳም ጎማ ቢያስር እስኪደርስ ድረስ ጆሮውን ያደነቁረው ነበር።»

«ታውራንጋ ምን አለ?»

ሳቁ ከዊሬሙ ፊት ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። «አዲሱ ሥራው ነዋ» አለና ወዲያው ደንበኛ እየጠበቀው መሆኑን ነግሯት መኪናውን አስነሣ።

ብራየር ባለችበት ቆማ ቀረች። ታውራንጋ ባሕሩን በመርከብ ተሻግሮ፣ በሰሜኑ ደሴት ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ነው። አባቷ ራስል የሚሠራው እዚሁ፣ በቼሪ እርሻው የትራክተር ጋራዥ ነው። እናትና አባቷ ከተለያዩ ወዲህ እሷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ቅዳሜ ግን የአባቷ ነው። የዘንድሮ ቅዳሜዎች ደግሞ በሙሉ ያለቁት ጋራዡ ውስጥ በቆመችው የአባቷ አሮጌ የመኝታ ቫን ላይ ነው።

የቫኗ ሞተር ከሞተ ቆይቷል። በቦታው ከተገጨ ሱባሩ መኪና ያወጡትን ጉልበተኛ ሞተር አስገቡላት። ካምቢዮዋ ግን ለደካማው ሞተር የተሠራ ነው። ማርሾቹ አጫጭር፣ ለጉልበት እንጂ ለፍጥነት ያልተሠሩ ስለሆኑ ትልቁ መንገድ ላይ ፈጠን ስትል ሞተሩ ይጮሃል። መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛው አራተኛውን ማርሽ ብቻ በረጅም መቀየርና አንደኛውን ለዳገት እንዳጠረ መተው ነው። ሁለተኛው ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ላይ ያለውን ዋናውን ጥርስ መቀየር ነው፤ ያኔ ከአንደኛው ጀምሮ ማርሾቹ ሁሉ ይረዝማሉ። ይህ ለአስፋልት ግሩም ነው። ሻካራ ዳገት ላይ ግን መኪናዋ ቀስ ብላ መዳህ ስለማትችል ፍሪሲዮን ታቃጥላለች።

አባትና ልጅ የሥጋ ፓይ እየበሉ በዚህ ጉዳይ ስንት ቅዳሜ ተከራክረዋል። የብራየር ፈተና እንዳለቀ በቫኗ የኔቪስን ሸለቆ ሊያቋርጡ አስበው ነበር። መንገዱ ተራራውን በኮረኮንች ወጥቶ ወንዙን እየደጋገመ የሚሻገር ነው። ስለዚህ አራተኛው ማርሽ ብቻ ይቀየር፣ ጎማው ጥርሳም ይሁን ያለችው እሷ ናት። ሒሳቡንም የሠራችው እሷ ናት። አባቷ በመጨረሻ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «በቃ፣ እንዳልሽው ይሁን» ብሏት ነበር።

ወደ ጋራዡ ገባች። የሥራ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ካርቶን ከፍታ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለውን ፈታች። አራተኛ ማርሽ አይደለም። የዲፈረንሻሉ ዋና ጥርስ ነው፤ ረጅሙ።

ራስል ሁለት ኩባያ ሻይ ይዞ ሲገባ የተፈታውን ወረቀት አየ። ኩባያዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ዊሬሙ ነገረሽ?»

«አንተ ነበርክ ልትነግረኝ የሚገባህ።»

ቁጭ እንድትል ለመናት፤ አልተቀመጠችም። ቆሞ ነገራት። ታውራንጋ ያለ የኪዊ ፍሬ ማሸጊያ ድርጅት ዋና መካኒክ አድርጎ ቀጥሮታል። እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ በሕይወቱ አያገኝም። ቤት እስኪያገኝ ቫኗ ውስጥ ያድራል። በበዓል ሰሞን በአውሮፕላን ያስመጣታል፤ ባሕሩ ውስጥ አብረው ይዋኛሉ። ንግግሩን ለብቻው ሲለማመደው የከረመ ይመስል ነበር።

ብራየር ስለ ባሕሩ አልጠየቀችም። «መቼ ነው ያወቅከው?» አለችው።

ራስል አንገቱን አከክ አከክ አደረገ። «ክረምቱ ሳይወጣ።»

ክረምቱ ሳይወጣ። ያኔ ሞተሩ ገና ወለል ላይ ነበር። እጇ በብርድ ደንዝዞ ብሎን ስትፈታ ያውቅ ነበር። ስለ ኔቪስ ዳገት ስትከራከረው፣ የቱ ወንዝ ዳር እንደሚያድሩ ስታወራ፣ እየሰማ፣ እየሳቀ፣ ፓዩን እየጎረሰ፣ ያውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ብነግርሽ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ትተያለሽ ብዬ ፈራሁ፣ ብሬ» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «እነዚያ ቅዳሜዎች እንዲቀሩብኝ አልፈለግኩም።»

እውነቱን እንደሆነ ገባት። ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት፤ እሱ ያተረፈው ነገር ሁሉ ከእሷ ላይ የተወሰደ መሰላት።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» ሲል ቀጠለ። «እናትሽ አልሰማችም። ዛሬ ልትወስድሽ ስትመጣ ምንም እንዳትያት። እኔ ራሴ፣ ጊዜው ሲመች እነግራታለሁ።»

ብራየር ወደ ውጭ ወጣችና እንደገና ጎማዎቹ አጠገብ ቆመች። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ልክ አነበበች፤ ደግማ አነበበችው። አባቷ ጎማውን ለስላሳ አድርጎ ሲያስቀይር ቁመቱን አልነካውም። ያዘዘው እነሱ ለኔቪስ የመረጡትን፣ ከዱሮው ከፍ ያለውን ጎማ ነው። ከፍ ያለ ጎማ ራሱ ማርሽ ያስረዝማል፤ አንድ ጊዜ ሲዞር ብዙ መንገድ ይሄዳላ። ከረጅሙ ጥርስ ጋር ሲደመር አንደኛ ማርሽ ጭራሽ ዳገት ላይ የማይነሣ ይሆናል።

ዝም ልትል ትችላለች። ቫኗ የቤት ዕቃውን ሁሉ ጭና ወደ ሰሜን በሚወስደው የሊንዲስ ዳገት ላይ፣ ከጭነት መኪና ኋላ ቆማ ስትቀር ታያት። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ። አባቷ መንገድ ዳር፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። ለትንሽ ጊዜ ደስ አላት። ከዚያ ያንኑ ዳገት በጨለማና በዝናብ አሰበችው፤ ቫኗ ወደ ኋላ ስትንሸራተት፣ ከኋላ ሌላ መኪና ሲመጣ።

«ጎማው ረጅም ነው» አለችው፣ ፊቷን ሳታዞር። «ያን ጥርስ ካስገባህ የዱሮውን የጎማ ቁመት ተጠቀም። ሁለቱንም ካስረዘምክ ዳገት ላይ አትነሣልህም።»

ራስል መጥቶ የጎማውን ጎን አነበበ፤ በልቡ ሲያሰላ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ትከሻዋን ያዝ አደረገ። «ለዊሬሙ እደውልለታለሁ። ታርቀናል ማለት ነው?»

«አይደለም» አለች ከእጁ እየወጣች። «ለመኪናዋ ብዬ ነው።»

አመሻሹ ላይ የእናቷ መኪና ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ግቢ ገባ። እናቷ ሞተር ሳታጠፋ በመስኮት እጇን አወዛወዘች። ራስል ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ፈገግ አለላት፤ ዓይኑ ግን ብራየር ላይ ነበር።

ብራየር ቦርሳዋን አንሥታ ሄደችና በሩን ከፈተች።

«እማ፣ ሞተሩን አጥፊው። አባዬ የሚነግርሽ ነገር አለ።»

«ምን ነገር?»

«እሱ ይንገርሽ።»

እናቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ በሩ ላይ የቆመውን ራስልን አየች። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ብራየር ገብታ ቁጭ አለች፤ መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋችና ሁለቱ እስኪጨርሱ መጠበቅ ጀመረች።