ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሞተው ጠላቂ

«የት ነው የሰጠመው?» አለች መርማሪዋ፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ጫማ አጥልቃ።

«ማንም አልሰጠመም» አለ የሕንፃው ጥበቃ።

«ጠላቂ ሞተ ተብዬ ነው እኮ የመጣሁት።»

«እሱስ ሞቷል። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም።»

መርማሪዋ የጎማ ጫማዋን እየጎተተች ደረጃውን ወጣች። ድሮም ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት፤ ወንበር ሲሰጧት እንኳ የወንበሩን እግር ነው የምትመረምረው።

ሟቹ የመሬት ቀያሽ ነበር፣ ያልለካው ነገር የለም። በቢጃማ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የአየር ሲሊንደር እንደታቀፈ ቀርቷል፤ መተንፈሻው ከአፉ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ የሩቅ፣ የሞቃት ባሕር ካርታ ተዘርግቷል። ሰባት ቀን ጀልባ ላይ እያደሩ በቀን አራት ጊዜ ሊጠልቁ ነበር፦ እሱ፣ ሚስቱና የመጥለቅ አስተማሪያቸው። ታላቅ እህቱ ደግሞ ከላይ ሆነው ሊቆጡ።

«ሶፋ ላይ ሲሊንደር ምን ይሠራል?»

«አንዱ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆየው ሊለካ ነው» አለች ሚስቱ። መነጽር ሻጭ ናት፤ የራሷን አሥር ጊዜ ታወልቃለች፣ አሥር ጊዜ ታደርጋለች። «ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሱቄ ስሄድ ደህና ነበር። ስድስት ሰዓት ስመለስ…»

«ሱቅ ማን አየሽ?»

«ዛሬ ማንም አልገባም።»

ሐኪሙ የሟቹን ከንፈርና ጥፍር አሳያት፤ ለሬሳ የማይሆን ቅላት። «የጭስ መርዝ ነው። አራት ሰዓት ገደማ ሞቷል።» በቤቱ ግን ከሰል የለም፤ ምድጃውም የኤሌክትሪክ ነው።

«ምን አራት ሰዓት!» አሉ እህቱ፣ ሰው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው። «አምስት ሰዓት ላይ ጽፎልኝ!» ስልካቸውን ዘረጉ።

«እትዬ፣ በጉዞው ዕቅድ ተጠምጃለሁ። ዛሬ አይምጡ።»

«ወንድምዎ ‹አይምጡ› ይልዎታል?»

«ምን ቆርጦት! ጡጦ ያጠባሁት ልጅ? ‹አትምጪ› ነው የሚለኝ።» ቆም አሉና ወደ ሚስትየዋ ዞሩ። «‹አይምጡ› የምትለኝ አንቺ ነሽ! አምስት ዓመት ሙሉ! ምን ትጠብቂያለሽ መርማሪ፣ እሰሪያት እንጂ!»

የሚስትየዋ መነጽር ወለሉ ላይ ወደቀ። ከበሩ አጠገብ የቆመው ፖሊስ እጁን ወደ ካቴናው ሰደደ።

«እትዬ፣ ይረጋጉ እንጂ፤ ውሃ ላምጣልዎ?» አለ አስተማሪው ከጥጉ። ተማሪዎቹ «አረፋ» ይሉታል፤ ከቆመ ጀምሮ እግሩ አላረፈም።

መርማሪዋ ፖሊሱን በዓይኗ አቆመችውና ወደ አስተማሪው ዞረች። «አንተ፣ ጀልባዋን ታውቃታለህ?»

«እንዴታ! ሰባት ዓመት ሠርቼባታለሁ።»

መልስ ሳትሰጠው ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ቀያሹ የቀረውን አየር የሚያሳየውን የሲሊንደሩን ጌጅ ቁጥር በየአሥር ደቂቃው ጽፏል፦ ሁለት መቶ፣ መቶ ዘጠና፣ መቶ ሰማንያ… መቶ ስልሳ ላይ ብዕሩ ተንሸራቶ ቀርቷል። ጎንበስ ብላ ጌጁን አየች። ሁለት መቶ። ከካርታው ሥር የጀልባዋ ካፒቴን ደብዳቤ ነበር፤ ቀያሹ የአልጋውን ስፋት ጠይቆት ኖሯል። እሱንም አነበበችና አጠፈችው።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ሦስቱን ሶፋው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ቤቱ ጭስ የለውም። መርዙ የገባው በሲሊንደር ነው። ማን ይሞክርልኛል?»

ሚስትየዋ ወደ ኋላ አለች። እትዬ «ወግጂልኝ!» አሉ።

«የእኔ አየር ንጹሕ ነው!» አረፋ መተንፈሻውን ጎርሶ ሁለቴ ሳበ። «ይኸው።»

«ሰው የገደለ አየር ምን አውቀህ ነው የጎረስከው?»

እግሩ ቀጥ አለ።

«ቀያሹ እየለካ ወደ መቶ ስልሳ ወርዷል» አለች መርማሪዋ እየተንጎራደደች። «ይኼ ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ ተቀይሯል። ንጹሕ መሆኑን የሚያውቅ የቀየረው ሰው ብቻ ነው። ዛሬ እንደሚለካ ታውቅ ነበር፤ የፊተኛውን ከጄኔሬተር ጭስ ጋር ሞልተህ ሰጠኸው። ልትቀይር ስትመጣ በሩ ክፍት ነበር፣ ለእትዬ ሲባል ቀን አይቆለፍም፤ እሳቸው እንዳይደርሱብህ በእሱ ስልክ ጻፍክ። ስልኩ የእሱ፣ አንቱታው ግን የራስህ።»

«ምን በድሎኝ እገድለዋለሁ?»

ደብዳቤውን ዘረጋች። «‹የአልጋው ስፋት ሰባ ሳንቲ ሜትር ነው። ሰባት ዓመት ሠራ ያሉትን ሰው ግን አናውቀውም።›»

አረፋ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እስከ ቅዳሜ ራስህ ንገራቸው አለኝ። አሥራ ሁለት ተማሪ ፊት ቆሜ ምን ልበል? ባሕር በካርታ ነው የማውቀው ልበል?»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

«አፌ ነው እንጂ ሆዴ እኮ እንደሱ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «ነገ በጠዋት መጥቼ አብሬሽ እውላለሁ።»

ሚስትየዋ መነጽሯን ከወለሉ አንስታ ጠረገችና አደረገች።

«እትዬ» አለች፣ «አይምጡ።»