ነጫጮቹ ቅሎች

የዓሣ ተመራማሪው ወርቅነህ ሞቶ የተገኘው የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ ከሚገባበት አፍ በስተምሥራቅ፣ ደንገል ውስጥ ነው። ተንሳፋፊ ሰደርያውን እንደለበሰ ማጅራቱ ተፈንክቷል። ነጭ ቀለም የተቀቡ ቅሎች በዙሪያው ይንሳፈፋሉ።

ከጂንካ የተጠራችው ኢንስፔክተር ሰብለ ስትደርስ ሟቹን ሐይቁ ላይ ይዞት የወጣው የጀልባ ነጂ ቦሼ በካቴና ታስሮ ጠበቃት። ሬሳውን አየችው፤ ምንም አልተሰማትም። ካልተሰማት ዓመታት ሆኗታል።

«ቅሎቹ ምንድን ናቸው?»

«የእሱ ሥራ ነው» አለ ቦሼ። «ውኃው የዓሣ ጫጩት ወዴት እንደሚወስድ ያይበታል። ቀይ የተቀባውን ሐይቁ መሐል ይጥላል፤ ነጩን ስንመለስ ወንዙ አፍ ላይ። ያን ቀንም ጥሎ፣ እዚያው በደህና አወረድኩት።»

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ዮሴፍ ግን ሌላ ነው ያለው። «ቀኑን ሙሉ ወንዙ አፍ ላይ፣ ድንኳኔ ደጅ ነበርኩ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ቦሼ ብቻውን ነው የተመለሰው። ሐይቁ መሐል ገፍትሮት ይሆናል።»

ዓሣ ነጋዴዋ ዙህራም ከሟች ጋር ተጣልታ ነበር። «በጠባብ መረብ አታሰግሪ ብሎኛል፤ ለዚህ ሰው አይገደልም። ያን ቀን ዲመካ ገበያ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ቀይ ቅል አላየሽም?»

«አስጋሪዎቹ ከምዕራብ ዳር ለቅመው አመጡልኝ እንጂ። ነጭ የለበትም።»

ሰብለ ሦስቱንም የዙህራ መጋዘን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የደረቅ ዓሣ ሽታ አፍንጫ ይሰብራል።

«ሐይቁ መሐል የወደቀውን ነፋሱና ውኃው ወደ ምዕራብ ይወስዱታል፤ ቀያዮቹ እዚያ ተገኝተዋል። ወርቅነህም ሰደርያ ለብሷል፤ መሐል ላይ ወድቆ ቢሆን ምዕራብ ዳር ነበር የሚገኘው። የተገኘው ግን ምሥራቅ፣ ከነጮቹ ጋር ነው። ውኃ ውስጥ የገባው ወንዙ አፍ ላይ ነው ማለት ነው። እዚያ የነበሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር። ቦሼ ብቻውን ተመለሰ ያሉት ለምንድን ነው?»

ዮሴፍ ሲናገር ድምፁ የሰነፍ ተማሪ ንባብ ይመስል ነበር።

«ድሮ የክረምቱ ሙላት የወንዙንና የሐይቁን ዓሣ ያደባልቀው ነበር። አየሩ ከተለወጠ ወዲህ ሙላቱ ደከመ፤ ዘራቸው ተለያየ። የወንዙ ዓሣ ሙቀት ይችላል። እኔ ከውጭ የማመጣው ጫጩት ከተቀላቀለበት ያ ዘር ይጠፋል አለኝ ወርቅነህ። አስቆማለሁ አለ። የሃያ ዓመት ሥራዬን። መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር።»

ካቴናው ከቦሼ እጅ ወደ ዮሴፍ እጅ ተዛወረ። ዮሴፍን ሲወስዱት ቦሼ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ነፃ ነህ፤ ወደ ቤትህ ሂድ» አለችው ሰብለ።

«ያን ቀን ደክሞት ነበር» አለ ቦሼ። «ደግፌ ድንኳኑ ድረስ ወሰድኩት። ለዶክተሩ በእጄ ነው ያስረከብኩት።»

ሰብለ አጠገቡ ተቀመጠች።