ያልተሰበረው መስታወት

እንድታምኑኝ አልለምንም። ግድግዳው ግን አምቦ ውስጥ ዛሬም ቆሟል። የተጠራጠረ ሄዶ ይየው።

ማታ አልነበረም። ነሐሴ 2013፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር...

ታላቅ እህቴ ጣቢታ የምትኖረው እኛ ጣልያን ሰፈር በምንለው መንደር ነው። ጣልያኖች የሠሯቸው ፎቅ ቤቶች በአንድ ረድፍ ቆመዋል። የአንዱ ጣሪያ ወድቆ መሃሉ ላይ ሾላ በቅሎበታል። ሌላው የፍየል ማደሪያ ሆኗል።

የመጨረሻው የጣቢታ ነው። የቀበሌ ቤት። ምድር ቤቱ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ትተኛለች።

ላድሰው ስትል፣ «ቅርስ ነው፣ አይነካም» ተባለች። ቅያሪ ቤት ስትጠይቅ፣ «ተራ ጠብቂ» ተባለች።

በዚያ ክረምት ግድግዳው ተሰነጠቀ።

አንድ ባለሙያ መጣና ስንጥቁን አሻግሮ ቀጭን የመስኮት መስታወት በጀሶ ለጠፈበት። ከውጭ በኩል ደግሞ ወፍራም የባህር ዛፍ ድጋፍ አስቆመ።

«ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል» አላት። «ያን ጊዜ ቶሎ ውጪ። እስካልተሰበረ ድረስ አትስጊ።»

አመነችው። ጠዋት ጠዋት መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለው ነበር።

እኔ የዚያን ቀን ከምኖርበት ከእጃጂ የመጣሁት ልወስዳት ነው።

«እኔ ጋ ነይ። አንድ ክፍል ትበቃናለች።»

«ደንበኞቼንስ ማን ያመጣልኛል?» ብላ ሳቀች። «ደሞ እህቱን ቤቱ ያስቀመጠ ወንድ ማን ታገባዋለች? ተው ወሴ፣ እንደቆምክ ትቀራለህ።»

እያወራች የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አረጠበችው። በጣቷ አሾለችው። መርፌው ውስጥ ከተተችው። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ክር ሳታረጥብ አታስገባም።

ተነስቼ ወደ ስንጥቁ ሄድኩ።

ከመስታወቱ በላይ... ጣቴ ገባ።

ከመስታወቱ በታች... ጣቴ ገባ።

ልክ መስታወቱ የተለጠፈበት ቦታ ላይ ግን ስንጥቁ ከፀጉር አይወፍርም።

መስታወቱ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ጣቢታ... ይሄ እንዴት ይሆናል?»

«ምኑ?»

«ግድግዳው ተከፍቷል እኮ!»

«መስታወቱ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ልቀመጥ ስል አንድ ቀይ የክር ጥቅል ከጠረጴዛው ወደቀ። ወለሉ ዘመም ያለ ስለሆነ ወደ ግድግዳው ተንከባለለ። ስንጥቁ ሥር ሲደርስ ቆመ።

ከዚያ ባለበት መሽከርከር ጀመረ።

ቀስ... ቀስ እያለ...

የክሩ ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። የሆነ ነገር ከውስጥ ይስበዋል።

«አየሽው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አይጥ ነው።»

«አይጥ ክር ይጠቀልላል?»

 እግሯ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ።

ክሩ አለቀ። ባዶው የክር ማጠንጠኛ ወለሉ ላይ ቀረ።

በሩ ተንኳኳ። ሁለታችንም ዘለልን።

የሰፈሩ እድር ዳኛ ኦቦ ሌታ ነበሩ። ከኋላቸው ባለሱቁ ሽፋ ቆሟል።

«አካም ጂርታ፣ ጣቢታ» ብለው ሰላም አሏት። «ኦቦ ኦሊቃ አረፉ።»

ኦቦ ኦሊቃ ከመንገዱ ማዶ ያሉ ጎረቤቷ ናቸው።

«ማሎ!» አለች ጣቢታ ደንግጣ። «ጠዋት በር ላይ ተቀምጠው አይቻቸው አልነበር?»

«እሱ ያመጣው ነው። ድንኳን ልንተክል ነው፤ የመሃል ምሰሶው ደግሞ ባለፈው ለቅሶ ተሰብሯል።» አንገታቸውን ወደ ውጭ መለስ አደረጉ። «ያንን እንጨት... ለቅሶው እስኪያልፍ ብቻ።»

የግድግዳውን ድጋፍ ነው።

«እሱማ አይሆንም!» አልኩ።

ኦቦ ሌታ ዞረው አዩኝ። በሰፈሩ ለለቅሶ ድንኳን እንጨት የነፈገ ሰው ታይቶ አያውቅም። ነገ የራሱ ሬሳ ሲወጣ ማን ይመጣለታል?

ሽፋ ስንጥቁን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። «ኦቦ፣ እኔ ሌላ ልፈልግ...»

ጣቢታ መስታወቱን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«ምን ይፈለጋል? አልተሰበረም እኮ። ውሰዱት። ኦቦ ኦሊቃን ዝናብ ላይ ቆመን እናልቅስላቸው?»

«እሺ፣ አንቺም አሁኑኑ አብረሽኝ ውጪ» አልኳት።

«ጥቁር ልብሴን ልልበስ።»

«ሌላ ቦታ ትለብሻለሽ።»

«የት? መንገድ ላይ?» ትከሻዬን ይዛ ወደ በሩ ገፋችኝ። «ሂድ አግዛቸው። ደረስኩ።»

እንጨቱ ሲነሳ ቤቱ ኮሽ አላለም።

መንገዱን ተሻገርን። ምሰሶው ቆመ፤ ሸራው ተወጠረ። ዓይኔን ከበሯ ላይ አልነቀልኩም።

«ጣቢታ!» ብዬ ተጣራሁ።

«መጣሁ!»

ድምጿ ግን ከበሩ አልመጣም።

ከግድግዳው ነው የመጣው... በጨርቅ እንደታፈነ።

ሽፋ ክንዴን ያዘኝ። እሱም ሰምቷል።

ሮጥኩ። መንገዱ መሃል ሳልደርስ ቤቱ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ።

አቧራ ብቻ...

ሰፈሩ ሁሉ በእጁ ቆፈረ። በማግስቱም ቆፈርን። በሠልስቱም። ስፌት መኪናዋ ተገኘ። ጥቁር ቀሚሷ እንደታጠፈ ተገኘ።

እሷ አልተገኘችም።

ከቤቱ የተረፈው ያ ግድግዳ ብቻ ነው። ስንጥቁም፣ መስታወቱም እንዳሉ።

«እሱንም እናፍርሰው፤ እዚያ ውስጥ ሰምቻታለሁ» አልኩ።

«ቅርስ ነው። አይነካም» ተባልኩ።

በየቢሮው ለመንኩ። አንዱ አዝኖልኝ ውሃ ሰጠኝ። ውፍረቱ ክንድ በማይሞላ ግድግዳ ውስጥ እህቴ አለች ብዬ ማንን ላሳምን?

ለጣቢታም ድንኳን ተተከለ። ያው ድንኳን። መሃሉ ላይ ያው እንጨት።

እሱን ተደግፌ አለቀስኩ። ሌላ የምደገፈው አልነበረኝም።

ጥር ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ዝናብ ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ግድግዳው በወዲህም በወዲያም ሜዳ ሆኖ ብቻውን ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች አቧራ ለብሷል።

መስታወቱ ግን ያበራል። አሁን የተወለወለ ይመስላል።

ሽፋ ሱቅ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩት። «ማነው የሚወለውለው?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ወሴ... እኛ በዚያ በኩል ማለፍ ትተናል።»

ብቻዬን ተመለስኩ። ተጠግቼ ጎንበስ አልኩ።

ከመስታወቱ ግርጌ፣ ፀጉር ከማያሳልፈው ስንጥቅ፣ ቀይ ክር ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

ጫፉን በጣቴ ነካሁት።

ሾሏል።

እርጥብ ነበር...