ገጽ ስልሳ ሁለት

መቅዲ የፎቶ ኮፒ ቤቱን በር በእግሯ ገፍታ ገባች። በእጇ እንዳትገፋ አርባ ጥራዝ ታቅፋለች፤ ከአርባዎቹ አንዱም ሙሉ አልነበረም።

«አንተ ነህ ይህን ያባዛኸው?»

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር። ምን ሆነ?»

«ከገጽ አንድ ወደ ሦስት! ከሦስት ወደ አምስት! ተማሪዎቼ ፕሬዚዳንቱ መመረጡን አንብበው ማን እንደመረጠው ሳያውቁ ቀሩ እኮ!»

መቅዲ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ የግል ኮሌጅ «የአሜሪካ መንግሥትና ፖለቲካ መሠረቶች» የሚባል ኮርስ የምታስተምር ናት። ዳግማዊ ደግሞ ከሊሙ ገነት መጥቶ፣ አንዲት አሮጌ ማሽን ገዝቶ እዚያው ጊንጆ ሱቅ የከፈተ ወጣት። የማሽኗ ዓመል የወረቀቱን ጀርባ መዝለል ነው። እሱ ግን በማሽኗ አላመካኘም። «ይቅርታ» አለና በዚያው ቀን አርባውንም በነጻ እንደ አዲስ አባዝቶ ኮሌጁ ድረስ አደረሰላት። መቅዲ ሰው ሲያጠፋ ሰበብ ሲደረድር እንጂ ዝም ብሎ ሲያርም አይታ አታውቅም ነበርና ልቧ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ዳግማዊ ደንበኛ ሲጠፋ ያንን ትምህርት ማንበብ ጀመረ።

«ቲቸር፣ ሴናተሩ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ የታችኛው ምክር ቤት አባል ለምን ሁለት ዓመት ብቻ?»

ከአርባ ተማሪዎቿ አንዱም እንዲህ ጠይቋት አያውቅም። ለማስረዳት ትመጣለች፤ ማስረዳቱ ሲያልቅ አንዲት ወረቀት ለማስባዛት ትመጣለች። አንዲት ወረቀት ለማስባዛት በሳምንት አራት ቀን የምትመጣ ደንበኛ በጊንጆ ታሪክ አልታየችም።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ዳግማዊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«እናንተ ቤት ፕሬዚዳንቱ ማን ናቸው?»

«አባዬ።»

«ምክር ቤቶቹስ?»

«እማዬና አክስቴ ሸዋረገጥ።»

«ሽማግሌ ብልክስ?»

መብራት ስለጠፋ ማሽኗ ቆማለች። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ቶሌ» አለች መቅዲ፣ እሺ ለማለት፤ ጉንጯ ጋለ።

አባቷ አቶ ጎሳዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቡና ሲቀምሱ የኖሩ የጥራት መርማሪ ናቸው፤ ምርጡንም ቢሆን ቀምሰው ይተፋሉ። እሑድ ዕለት የመጡትን ሽማግሌዎች፣ ልብስ ሰፊውን ጋሽ ዓምደሚካኤልንና ሐጂ ሙርሺድን፣ በጥሞና ሰሙና «ልጄን ለፎቶ ኮፒ ሠራተኛ አልሰጥም» ብለው መለሷቸው።

መቅዲ ከጓዳ ሆና ሰማች፤ አልደነገጠችም። እሳቸውስ እናቷን ሲያስጠይቁ ሽማግሌ የተመላለሰው ሦስት ጊዜ አልነበር? በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን አርክሷል ይባላል። በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳሉ።

እሑድ ደረሰ። አክስቷ ድፎ ዳቦ ደፋች። አባቷ ኮታቸውን ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ።

«በር የተንኳኳ መሰለኝ?»

«አልተንኳኳም፣ አባዬ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሳቸው ወጥተው የግቢውን በር ገርበብ አድርገው ተመለሱ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮታቸውን አወለቁ።

«ይህ ንቀት ነው! አንድ ጊዜ እምቢ ስላልኩ ጭራሽ ይቀራሉ? ልጄ ሁለተኛ መጠየቅ አይገባትም? የሚመጣው እሑድ እንዲሁ ካለፈ የዚያ ልጅ ስም እዚህ ቤት እንዳይነሳ!»

መቅዲ ሳቅም ዕንባም አንድ ላይ መጡባት። ሰኞ ጠዋት የሱቁን በር እንደገና በእግሯ ገፋችው፤ በዚህኛው ቀን ግን እጆቿ ባዶ ነበሩ።

«ሽማግሌዎችህ የት ቀሩ?»

ዳግማዊ ቀና ብሎ አላያትም። «እነሱማ እንመለስ ብለው ለምነውኝ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። ፕሬዚዳንቱ እምቢ ካሉ አለቀ፤ ሕጉ ሞተ።»

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«የራስሽ መጽሐፍ ነዋ!»

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥራዝ አውጥቶ ሰጣት። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል፦ «ምክር ቤቶቹ ያጸደቁትን ሕግ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ብሎ የመመለስ ሥልጣን አለው።» ከጎኑ በእጁ ጽሑፍ «ልክ ነው። እኔስ ማን ነኝና?» ይላል። ተከታዩ ገጽ ስልሳ ሦስት ነው፤ ስለ ምርጫ ዘመቻ ያወራል።

መቅዲ ወረቀቱን ገለበጠችው። ባዶ ነው። ለካ ሰውዬው ሲያነብ የከረመው ያንን የተበላሸውን ጥራዝ ኖሯል! ሰው የሚፈራውን ነገር ተጽፎ ካገኘ ጀርባውን አያይም።

«አንተ ጅል!» አለች፤ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ እስክሪብቶውን ነጥቃ በባዶው ጀርባ ላይ ጻፈች።

«ገጽ ስልሳ ሁለት። ሁለቱ ምክር ቤቶች በየበኩላቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ደግመው ካጸደቁት፣ ፕሬዚዳንቱ ባይፈርምም ሕግ ይሆናል።»

ትንሽ አሰበችና ከሥሩ ጨመረች፦ «እማዬ እሺ ብላለች። አክስቴ ዳቦ ደፍታ ስትጠብቅ ዋለች። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ኮታቸውን ለብሰው በር በሩን ሲያዩ ነበር። እወድሃለሁ።»

ዳግማዊ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

«ይህ ሁሉ ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ አለ?»

«በእኔ ቅጂ ላይ አለ።»

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ገና ከመቀመጣቸው አቶ ጎሳዬ አፈጠጡ። «ምነው አንድ እሑድ ዘለላችሁ?»

«ማሎ፣ ይቅር ይበሉን» አሉ ሐጂ ሙርሺድ። «ማሽኗ ናት የዘለለችው።»

የማሽኗን ዓመል ከልጃቸው የሰሙት አቶ ጎሳዬ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ከቤተሰቡ ጋር ተማክረን...»

«ተማክረናል!» አሉ ሁለት ሴቶች ከጓዳ በአንድ ድምፅ።

የሠርጉን ጥሪ ካርድ ያተመው ዳግማዊ ራሱ ነው፤ ቀኑና ቦታው በጀርባው ነበር። መቅዲ ስላላመነችው ሦስት መቶውንም አንድ በአንድ ገለበጠች። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ምንም አልጎደላቸውም። የመጨረሻው ጀርባ ላይ ግን ቀንም ቦታም የለም፤ በቀይ እስክሪብቶ «እኔም እወድሻለሁ» ተብሎ ተጽፎበታል።