የሩቲ የጸሎት ርዕስ

«የጸሎት ርዕስ ሰጠሁሽ እንጂ ልጄን የሰፈር መሳቂያ አድርጊልኝ አልኩሽ?»

እትዬ ትሩፋት ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቆመው ነው ወደ ላይ የሚጮኹት። ማስካቸው አገጫቸው ሥር ወርዷል። አራተኛ ፎቅ ላይ የያኤል እናት ሸዋረገድ ስትሰፋው የነበረውን ማስክ ከነመርፌው እንደያዘች በሯ ላይ ደርቃ ቀርታለች። ያኤል ከእናቷ ጀርባ፣ በበሩና በግድግዳው መሀል ተወትፋለች። የብሎኩ በሮች ሁሉ አንድ አንድ ጣት ያህል ተከፍተዋል። ኮሮና ሰው ከሰው አይጠጋ ካለ ወዲህ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሰው ጠብ የሚያየው በበር ስንጥቅ ነው።

«ትሩፌ፣ በጌታ ስም እልሻለሁ፣ እኔ...»

«ጌታን አትጥሪው! ከስልክሽ ነው የወጣው። የክብረት እናት አሳይታኛለች፤ ስምሽ ከነፎቶሽ!»

«እንግዲህ ጣቴ ነክቶት ይሆናል። እኔ ስልክ የት አውቃለሁ?»

«ለአሜን ሲሆን የሚያውቅ ጣት፣ ለወሬ ሲሆን ነው የማያውቀው?»

ከአንዱ በር ጀርባ ሰው ሳቀ። ያኤል ማን እንደሳቀ ለማየት አንገቷን አሰገገች፤ ልማድ ነው። ከዚያ ጣቱ የማን እንደነበር ትዝ አላትና ተመልሳ ተወተፈች።

መጋቢት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የስምንተኛ ክፍል መምህራን ወርክሺት በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። እነያኤል ቤት ቴሌግራም ያለው ስልክ የእናቷ ብቻ ነው። ስለዚህ የክፍሉ ግሩፕና የእናቷ የእህቶች የጸሎት ግሩፕ በአንድ ስልክ ላይ ከላይና ከታች ተዳብለው ይኖራሉ። ያኤል የሒሳብ ጥያቄ ለማውረድ የአንዷን እህት የስኳር በሽታና የሌላዋን ባል ስካር አልፋ መሄድ አለባት። ደንቡን በደንብ ታውቀዋለች። የጸሎት ርዕስ ከሚጸልይበት ሰው አፍ አይወጣም። ከወጣ ሐሜት ነው።

ሐሙስ ዕለት ስልኩን ስትከፍት የእትዬ ትሩፋት ድምፅ ገብቶ ነበር።

«እህቶቼ፣ ሩቲን በጸሎት አስቡልኝ። የስንፍና መንፈስ ይዟታል። ከአልጋ አትነሳም። ፀጉሯን ከታጠበች ሦስት ሳምንቷ ነው። መከርኳት፣ ተቆጣኋት፣ በቀበቶም ሞከርኩ። ዝም! ለምን ታለቅሻለሽ ስላት አላውቅም ትለኛለች። ሰው እንዴት የሚያለቅስበትን አያውቅም?»

ሩቲ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የያኤል ጓደኛ ናት። ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ያኤል ከደረጃው ስትጠራት «መጣሁ» ትልና ትቀራለች። በኋላ «መጣሁ»ንም ተወችው። ያኤል ተቀይማት ነበር። ስለዚህ ድምፁን ስትሰማ ማዘን ሲገባት አላዘነችም። ደስ አላት ማለትም አይቻልም። ሰልችቷት ነበር፣ በቃ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስኮት፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ እናት። ያኤል ደግሞ ሰው ካላሳቀች ምግብ የማይፈጭላት ልጅ ናት። ድምፁን ለክፍል ጓደኛዋ ለክብረት ላከችላት፤ ከሥሩ ጻፈችበት፦ «እጅሽን ሃያ ሰከንድ፣ ፀጉርሽን በሦስት ሳምንት!»

«ገደልሽኝ!!!» ብላ መለሰች ክብረት።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁም ቀልዱም የክፍሉ ግሩፕ ላይ ነበሩ። ቀልዱን ክብረት የራሷ አስመስላ ነው የለጠፈችው። እውነቱን ለመናገር ያኤልን መጀመሪያ ያበሳጫት ይሄ ነው። ኢያቄም የሚባለው የክፍሉ ፎጋሪ የሩቲን የሰባተኛ ክፍል ፎቶ ቆርጦ ስቲከር ሠራበት፤ ራሷ ላይ ዝንቦች ጨመረበት። ስልሳ አንድ ሰው ባለበት ግሩፕ «ነውር ነው» ያሉት ቲቸር ቦጋለ ብቻ ነበሩ። ለእሳቸውም ስቲከሩን ላኩላቸው።

ያኤል ደንግጣ ለክብረት የጻፈችላትን ቀልድ አጠፋች። ድምፁን ልታጠፋ ስትል እናቷ «በቃሽ፣ ዓይንሽ ይጠፋል» ብላ ስልኩን ነጠቀቻት።

እትዬ ትሩፋት ጮኸው ጮኸው ሲደክማቸው ገቡ። የበሮቹም ስንጥቅ አንድ በአንድ ተዘጋ። ሸዋረገድ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተተች።

«ያኤልዬ፣ እስቲ እይልኝ። የጸሎት ግሩፑ የት ሄደብኝ?»

ያኤል አየችላት። «አስወጥተውሻል።»

«እኔን?» አለች እናቷ። ከእነዚያ ሴቶች ጋር አሥራ አንድ ዓመት ጸልያለች። «ማስክ ስሰፋ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌው ነበር... እንደዚያ ሆኖ ይሄዳል እንዴ? አንቺ ታውቂያለሽ።»

አሁን መናገር ይቻል ነበር። በሩ ሰፊ ነበር፤ እናቷ ራሷ ከፍታላታለች።

«ይሄዳል» አለች ያኤል። «ስክሪኑን ነካ ካደረጉት በራሱ ይልካል።»

ውሸቱ እንዴት ቀልሏት እንደወጣ ገረማት። እናቷ ጣቷን አየችው፤ የሌላ ሰው ጣት ይመስል። «ነገ ወርጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ መጣ። በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ላይኛው ፎቅ ድረስ ስለማይወጣ ሁሉም ጀሪካን ይዞ ወደ ግቢው ቧንቧ ይሮጣል። ያኤልም ጀሪካኗን እያንኳኳች ስትወርድ አንደኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሩቲን አገኘቻት። የሞላ ቢጫ ጀሪካን አጠገቧ አስቀምጣ ግድግዳው ላይ ተደግፋለች። ሻሽ አስራለች። ከስታ አንገቷ ረዝሟል።

«ሩቲ?»

«እስከዚህ ተሸከምኩት» አለች ሩቲ፣ ለደረጃው የምትነግረው ይመስል። «ከዚያ እግሬ እምቢ አለኝ። ማዘር እየጠራችኝ ነው። እሰማታለሁ። መነሳት ግን አልቻልኩም።»

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዓለሚቱ ባልዲ ይዘው ሲወርዱ መንገዱ ጠበባቸው። «ኤዲያ! ሰው ውሃ አጥቶ እሷ ትጎለታለች። በመጣው ውሃ እንኳን ታጠቢ!» አሉና የሩቲን እግር በባልዲያቸው ገፋ አድርገው አለፉ። ሩቲ እግሯን አልሰበሰበችም።

ያኤል አፏ ላይ ሦስት ቀልድ መጣላት። አንዱም አልወጣም። «ስቲከሩን አየሽው?»

«እማዬ ናት ያሳየችኝ። ካፈርሽ ትነሻለሽ ብላ።» ሩቲ ሻሿን አስተካከለች። «ቀልዱ ያንቺ እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቅኩት። ክብረት ፋራ ናት፣ እንደሱ አይነት አትችልም።»

የያኤል ፊት ነደደ። «ለማዘርሽ ነገርሻት?»

ሩቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ቆይ፣ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን ነው?»

ያኤል ጀሪካኗ ላይ ተቀመጠች።

«አልነገርኳትም» አለች ሩቲ። «ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ሰልችቶኝ ነው። ልናደድብሽ ሞከርኩ እኮ። ተኝቼ ‹ያኤል እንዲህ አደረገችኝ፣ ያኤል እንዲህ አደረገችኝ› እያልኩ እንዲያመኝ ጠበቅኩ። አልመጣም። ድሮ ላጲስ ስትከለክይኝ እንኳን አለቅስ ነበር። አሁን ሁሉም ነገር በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ነው የሚመስለኝ። ሰነፍ አይደለሁም፣ ያኤል። ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ፈርቻለሁ።»

«ለማዘርሽ እንደዚህ ብለሽ ንገሪያት። ጤና ጣቢያ ትውሰድሽ።»

«ነግሬያታለሁ። ጸልዪ አለችኝ። ጤና ጣቢያ ደግሞ ዘንድሮ የሄደ ሰው ኮሮና አለበት ይባላል አለችኝ።»

«ሩቲ፣ ይቅርታ። የእውነት።»

«አሁን አትበዪኝ» አለች ሩቲ፤ በክፋት አልነበረም። «የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።»

ያኤል የሩቲን ጀሪካን ልታነሳላት ጎንበስ አለች። ሩቲ እጀታውን ያዘችባት። «ተዪው። የእናንተን ቤት ሰው ውሃ አሸከምሽ ብላ ሌላ ጠብ ታመጣብኛለች።»

ከሁለተኛ ፎቅ የእትዬ ትሩፋት ድምፅ ወረደ፦ «ሩቲ! ቧንቧው ዋጠሽ ወይ?» ሩቲ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ጀሪካኑን አንድ ደረጃ አወጣችው። ቆመች። ሌላ አንድ ደረጃ አወጣችው። ያኤል ውሃዋን ሳትቀዳ ጆሮዋ ጀሪካኑ ደረጃው ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ሲቆጥር ቆየ።

ከሰዓት በኋላ ሸዋረገድ ነጠላዋን ለበሰች፤ ራሷ የሰፋችውን ማስክ አጠለቀች። መስተዋቱ ፊት ቆማ የምትናገረውን ትለማመድ ነበር።

«ሳላውቅ ነው ብላት አታምነኝም» አለች። «ሆን ብዬ ነው፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው ብላት ይሻላል አይደል? ጥፋቱን ያላመነ ሰው ይቅር አይባልም።»

«ያላደረግሽውን?»

«ትሩፋትን ከማጣት ይሻላል።»

በሩ ተከፈተ። ያኤልም ማስኳን አድርጋ ተከተለቻት። እናቷ «ለምን?» አላለቻትም፤ ልጄ ልታበረታታኝ ነው ብላ እጇን ያዘቻት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ያኤል ቆመች።

«እማዬ። ስክሪኑ በራሱ አይልክም።»

«እ?»

«እኔ ነኝ ለክብረት የላክኩት። ቀልዱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ነገሩ ወደ እናቷ ፊት ቀስ እያለ ሲደርስ ከማስኩ በላይ ባሉት ዓይኖቿ ይታይ ነበር። ያኤል ጥፊ ጠበቀች። ጥፊ ቢሆን ይቀላት ነበር። እናቷ የያዘቻትን እጅ ለቀቀችው፤ ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ትናንት ጠይቄሽ ነበር» አለች።

ያኤል «አብረሽኝ ውረጂ» ልትላት ፈለገች። ግን ደረጃውን ብቻዋን ወረደች።

ከእትዬ ትሩፋት በር ጀርባ «ተነሺ እንጂ! እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» የሚል ጩኸት ይሰማል። ያኤል የምትናገረውን በሆዷ ደረደረችው። ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የሩቲ። የራሷን ካስቀደመች እትዬ ትሩፋት በሩን ፊቷ ላይ ይዘጉባታል፤ ሁለተኛውን የሚሰማት አይኖርም።

የሩቲን ላስቀድም፣ አለች በልቧ። ታማለች እንጂ አልሰነፈችም።

አንኳኳች።