ጋሽ አይሆንም እሺ ያሉበት ቀን

አስከሬኑ የተገኘው ቀትር ላይ፣ ከአራተኛው ፎቅ በሚወርደው ደረጃ ግርጌ ነው። መነጽሩ አንድ ጥግ፣ ግራ ጫማው ሌላ ጥግ፤ ከሸሚዙ አንገት አንድ ቁልፍ ተበጥሷል።

ሟቹን ሰው ሁሉ «ጋሽ አይሆንም» ይላቸዋል። ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጻፍበትን አንድ ቋንቋ ከፈጠሩት ሰዎች የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ቋንቋውን እናሻሽል ብሎ የመጣውን ሁሉ በዚያች አንድ ቃል ሲያሰናብቱ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። አንዲት ሴት እንጋባ ብትላቸው ያንኑ መልስ ሰጧት፤ «ምክንያቱን እንኳ በጽሑፍ ይስጡኝ» ብትል አሥራ አራት ገጽ ጻፉላት ይባላል።

ነገሩን እንድታጣራ የተላከችው መርማሪ ወንፊት የሚል ቅጽል አላት። ፍሬውን ታስቀራለች፣ እብቁን ታራግፋለች። አንድ ሌባ ስሟን ሲሰማ የሰረቀውን ብስክሌት መልሶ፣ ጎማውን ነፍቶ ሄደ ይባላል። ውሸት ነው፤ ፍሬኑንም አጥብቋል።

ደረጃውን ሳትጨርስ አለቃዋ ደወለ።

«ገዳዩ ታውቋል። ቋንቋው ይሻሻል ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ሰውዬ ነው። እስከ አሥር ሰዓት ፈርመሽ ላኪልኝ።»

«ጌታዬ፣ ገና ሦስተኛ ፎቅ ነኝ።»

«ለመፈረም ደግሞ ፎቅ መውጣት ያስፈልጋል እንዴ?»

ጥርሷን ነክሳ ስልኩን ዘጋችው።

አራተኛው ፎቅ አንድ የስብሰባ ክፍልና ሦስት ጠባብ ቢሮዎች አሉት። የቋንቋው ማኅበርተኞች አራት መቶ ያህል ቢሆኑም በየአገሩ ተበትነው በጽሑፍ ነው የሚወያዩት። በዚያ ቀን ከሟቹ ጋር ፎቁ ላይ የነበሩት ሦስት ብቻ እንደሆኑ የታችኛው በር ጥበቃ ምሎ ተናግሯል።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ጠበቃት። «የሞቱት አምስት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። አንድ ሰው አንገታቸው ሥር ይዟቸው ሲታገሉ ወድቀዋል።»

«እንግዲያው ይኼን ማን ጻፈው?» አለች።

በስብሰባው ክፍል የጋሽ አይሆንም ላፕቶፕ ተከፍቶ ተቀምጧል። አምስት ሰዓት ከአርባ ስምንት ላይ በእሳቸው ስም የተላከ ጽሑፍ ይታያል፦ «ሦስቱንም ምሳሌ ከባዶ ጀምሬ ሞከርኩ፤ ይሠራሉ። ተቃውሞዬን አንስቻለሁ።» ሰውዬው ከሞቱ ከአሥራ ስምንት ደቂቃ በኋላ እሺ ብለዋል። በሕይወት ሳሉ ያላሉትን!

የይለፍ ቃላቸውን ማን እንደሚያውቅ መጠየቅ ዋጋ አልነበረውም። የይለፍ ቃሉ «አይሆንም» እንደሆነ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል።

ሐሳብ አቅራቢው በአንድ እጁ ካቴና ገብቶለት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ከታች በሩ ላይ ቆማለች፤ ዘጠነኛ ወሯ ነው፤ ተቀመጪ ቢሏትም እምቢ ብላለች።

«ሦስት ዓመት!» አለ ሳይጠየቅ። «ሐሳብ አርባ አንድ ተብሎ ከተመዘገበ ሦስት ዓመቱ። ሰው በዘጠኝ ወር ይወለዳል!»

«ምንድን ነው የሚከለክለው?»

«ደንቡ ነዋ። ሐሳብ እንደሚሠራ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች ጋር አሥራ አራት ቀን ለውይይት ይቀርባል። ከነባሮቹ አንዱ ከተቃወመ ያስተካክሉትና ቀኑ እንደገና ከአንድ ይቆጠራል። ጋሼ ናቸው ሁሌ የሚቃወሙት። ዛሬ ቀትር ላይ ያበቃ ነበር።»

«እና ቀትር ሳይደርስ ሞቱልህ።»

«እትዬ፣ እኔ እሳቸውን ማሸነፍ ነበር የምፈልገው! የሞተ ሰው ምኑ ይሸነፋል?»

«ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር?»

«ምሳሌዎቼን...» አለና አቆመ። ጆሮው ቀላ። «ምንም። ቁጭ ብዬ ነበር።»

ወንፊት የቀላውን ጆሮ በልቧ መዘገበችና ወጣች።

ሁለተኛዋ፣ ጥቅል ጠባቂዋ፣ ጠና ያለች፣ ድምጿ ግድግዳ የሚያልፍ ሴት ናት። ጥቅል የሚሉት አንዱ ጽፎ የጨረሰውን ሥራ ሌሎች ከጋራ መጋዘን አውርደው እንዲጠቀሙበት ያስቀመጠው ነው። የእሷ ጥቅል አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የዓለም እኩሌታ በሱ ላይ ተደግፏል፤ ሌላው እኩሌታ ደግሞ መደገፉን አያውቅም።

«ሐሳብ አርባ አንድ ቢጸድቅ ጥቅሌ ድምጥማጡ ይጠፋል» አለች። «ጋሼ ናቸው ያቆሙልኝ። ጋሻዬን ምን ቆርጦኝ እገፋለሁ፣ እህቴ?»

«ጠዋት ተጣልተሽ ነበር አሉ።»

«ከእሳቸው ጋር አይደለም፤ ከዚያ ደራሽ ጎርፍ፣ ከሐሳብ አቅራቢው ጋር ነው። ተናደድኩና ሦስት ሰዓት ላይ ጥቅሌን ከመጋዘኑ አወጣሁት። እስቲ ያለ እኔ ትሠሩ እንደሆነ ልይ ብዬ። ሦስተኛው ምሳሌው በእኔ ጥቅል ላይ ነው የቆመው፤ እዚያው ተደረመሰ። በድብቅ ጻፈልኝ፤ ለመነኝ። ጋሼ ከሰሙ አዲስ ተቃውሞ ያመጣሉ ብሎ ፈራ።» ስልኳን ዘረጋች። ሐሳብ አቅራቢው ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት አሥራ ሰባት ጊዜ ለምኗል፤ የመጨረሻው «በምጥ ላይ ባለች ሚስቴ» ይላል።

«መቼ መለስሽው?»

«ሰባት ሰዓት ላይ። ሬሳ ወድቆ እያየሁ ምን አኮራፋለሁ?»

«ጋሼስ ራሳቸው ምሳሌ ይሞክራሉ?»

«እሳቸው? ባዶ ቦታ ከፍተው፣ ሁሉን እንደ አዲስ አውርደው ካልሞከሩ ‹ደህና ዋላችሁ› እንኳ አይጽፉም።»

ሦስተኛው፣ አወያዩ፣ ለወንፊት ውሃ ቀዳላት፣ ወንበር ሳበላት። ድምፁ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ የሚነገር ዓይነት ነው።

«የእኔ ሥራ ማወያየት ብቻ ነው፣ እመቤቴ። ኮድ አልጽፍም፤ ጽፌም አላውቅም። ሰው እንዳይሰዳደብ እጠብቃለሁ፤ ቀን እቆጥራለሁ።»

«ስንት ጊዜ ተቆጠረ?»

«አሥራ ዘጠኝ» አለ፣ ቃሏ ሳያልቅ። ከኋላው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ተሰርዞ፣ ወረቀቱ ተቀዷል።

ወንፊት ውይይቱን ልታነብ ተቀመጠች። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሁለት አስተያየት! ሌላ ሰው በሁለት ወር አይጨርሰውም፤ እሷ በሁለት ሰዓት አጠናቀቀችው፤ ስትጨርስ ግን ዓይኖቿ ተለያይተው በየፊናቸው ነበር የሚያዩት። ስለ አንዲት ምልክት ሠላሳ ስምንት ሰው አራት ወር ተነታርኳል። አንዱ ሁለት መቶ መስመር ጽፎ መጨረሻው ላይ «በሐሳቡ ላይ አስተያየት የለኝም» ይላል። በመካከላቸው አወያዩ በየቀኑ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ወደ ነገራችን እንመለስ» ይላል። የሚመለስ የለም። ስድስት መቶኛው ላይ ስትደርስ ወንፊት ራሷ ሰው የመግደል አሳብ ሽው አለባት፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራላት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉን በስብሰባው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የጋሽ አይሆንም ወንበር ባዶውን ነው። አለቃዋም መጥቶ ሰዓቱን እያየ በር ላይ ቆሟል።

«ፊርማው?» አለ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ዛሬ ከቀትር በፊት ሦስተኛው ምሳሌ ይሠራ ነበር?»

ሐሳብ አቅራቢው አንገቱን ደፋ። ጥቅል ጠባቂዋ ጣራ ጣራውን አየች።

«ይሠራ ነበር እንጂ» አለ አወያዩ በለስላሳ ድምፁ። «ምን ችግር አለበት?»

ሐሳብ አቅራቢውና ጥቅል ጠባቂዋ ዞረው አዩት።

«እንግዲህ በተራ እንሂድ» አለች ወንፊት። «ጋሼ አምስት ተኩል ላይ ሞቱ፤ አምስት ከአርባ ስምንት ላይ በስማቸው ‹ይሠራሉ› ተባለ። የጻፈው ሰው አኳኋናቸውን አሳምሮ ያውቃል፤ ‹ከባዶ ጀምሬ› ማለታቸውን እንኳ አልዘነጋም። ግን ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ሦስተኛው ምሳሌ ከባዶ ለጀመረ ለማንም አይሠራም ነበር፤ ጥቅሉ ከመጋዘን ወጥቷል። እሷ ታውቃለች፤ ያወጣችው እሷ ናት። ደግሞም ተቃውሞው ቢነሣ የምትጠፋው እሷ ናት። እሱም ያውቃል፤ አሥራ ሰባት ጊዜ ለምኗል። አራት መቶ ሰው በአንድ ደቂቃ ሞክሮ የሚያጋልጠውን ውሸት በገዛ ሐሳቡ ላይ አይለጥፍም፤ ቢፈልግ ‹ተቃውሞዬን አንስቻለሁ› ብሎ ዝም ይላል። ‹ይሠራሉ› የሚለው እውነት የመሰለው ሰው ነው። በዚህ ፎቅ ምሳሌ ሞክሮ የማያውቅ አንድ ሰው አለ።»

አለቃዋ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ለአንተ ምን ያደርግልሃል?» አለችው አወያዩን፣ ከአንቱታ ወርዳ። «ሐሳቡ ቢጸድቅ አትጠቀም፣ ቢወድቅ አትጎዳ።»

«እንዲጸድቅ አልፈለግኩም» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጮኸ። «እንዲያልቅ ነው የፈለግኩት! ይጽደቅም ይውደቅም! ደረጃው ላይ አገኘኋቸውና ‹ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ቀረን፣ እባክዎ ዝም ይበሉልኝ› አልኳቸው። ‹አዲስ ተቃውሞ አለኝ፣ እግሬን አፍታትቼ መጥቼ እጽፈዋለሁ› አሉኝ። ሃያኛ! ኮሌታቸውን ያዝኩ... አልገፋሁም፤ እሳቸው ተመነጨቁ። እሳቸውን ተክቶ ሌላ ሰው እንዳይቃወም ብዬ ከራሴ ቢሮ በስማቸው ገብቼ እሺታውን ጻፍኩ።»

«ተቃውሞው ምን እንደሆነ ጠየቅካቸው?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ጥቅል ከመጋዘን መውጣቱን ምሳሌ ሲሞክሩ ደርሰውበት ነበር» አለች ወንፊት ላፕቶፑን ወደሱ አዙራ፤ ያልተላከ አንድ መስመር ረቂቅ ላይ ቆሟል፦ «ሦስተኛው ምሳሌ አይሠራም።» «ብትጠይቅ ኖሮ ይነግሩህ ነበር፤ እኔም አልይዝህም ነበር።»

«አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠይቄያለሁ» አለ አወያዩ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። «ሰለቸኝ።»

ካቴናው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ተዛወረ። ሐሳብ አቅራቢው አንጓውን እያሻሸ ወደ ደረጃው፣ ወደ ሚስቱ ሊሮጥ ተነሣና በሩ ላይ ቆመ።

«ግን እኮ...» አለ፣ አፍሮ። «ቀትር አልፏል። ሐሳቤ ጸድቋል ማለት ነው?»

ጥቅል ጠባቂዋ ላፕቶፑ ላይ የቆመውን ረቂቅ፣ ከዚያ ባዶውን ወንበር አየች። ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«አይሆንም» አለች። «ከአንድ ትጀምራለህ።»