የእጃጂዋ ከሪማና የኮሶው ጧት

በ፲፱፻፸፫ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የጂባት ተራራ ጉም እስከ እጃጂ ከተማ ወርዶ ቆርቆሮውን ሁሉ ጋርዶት ነበር፤ የነጋዴው የደሊል ሚስት ከሪማም፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ከመደቡ ተጋድማ፣ ጉሙ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ከነምንጣፏ የሚያነሣት ይመስላት ነበር። ስትነሣ ዐይኗ ይጨልማል፤ ስትቀመጥ ልቧ ይደልቃል፤ ከሁሉ የሚገርመው ግን አምሮቷ ነው። ሥጋ አይል፣ ማር አይል፣ ጤዛ የነካው የግድግዳ ጭቃ ብቻ! በጥፍሯ እየፋቀች ስትልሰው የልጅነት መንደሯ ክረምት አፏን ይሞላዋል፤ እናቷም ከሩቅ ስትጠራት ትሰማለች። እናቷ ከሞተች እኮ ስንት ዘመኗ!

አማቷ ወይዘሮ ሽፋ ይህን ደረሱበት። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ምራታቸውን እንደ ዐይናቸው ብሌን ነበር የሚያዩዋት። «አፈር የሚያስልስሽ የኮሶ ትል ነው፤ ለጽንሱም አይራራም» ብለው፣ የደረቀውን የኮሶ አበባ ፈጭተው፣ በውሃ በጥብጠው በዋንጫ አቀረቡላት።

ዘመኑ አዋጅና መፈክር የበዛበት ነበር፤ በዋዜማው ቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊያቋቁም ሴቱን ሁሉ ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ ካድሬው ስለ ጭቁን ሴቶች ነጻነት ሲያብራራ፣ ከሪማ ዘፍ ብላ ወደቀች፤ እርሱ ንግግሩን አላቋረጠም። ሕዝቡን ጥሳ ያነሣቻት የክሊኒኩ ጤና ረዳት አስካለች ነበረች፤ የዐይኗን ሽፋን ገለብ አድርጋ ብታይ፣ ውስጡ ደም የሚባል የለበትም።

በማግሥቱ፣ ኮሶው በቀረበበት ጧት፣ ልትጠይቃት መጣች። ወይዘሮ ሽፋ በሩን በትከሻቸው ዘጉት።

«አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፤ ምራቴ ዛሬ ኮሶ ጠጪ ናት፤ እንግዳ አታይም።»

በአገሩ ልማድ ይህ ከተባለ ነገር አለቀ፤ ሹምም ይሁን ዘመድ ይመለሳል እንጂ የኮሶ ጠጪን ደጅ አያልፍም። አስካለች ግን ይህን የጨዋ ቃል ስትሰማ ክው አለች።

«ለነፍሰ ጡር? እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ!» ብላ ገፍታቸው ገባች።

«ወይ ጉድ! አንቺ ልጅ፣ ነውር አታውቂም እንዴ? አፈር የሚያስልሳትን ትል ላወጣላት ነው!»

ከሪማ ዋንጫውን ወደ አፏ አስጠግታ ነበር፤ በጉሙ ውስጥ እናቷ «ቆዪ» ያለቻት መስሏት ግን ገና አልቀመሰችውም። አስካለች ነጥቃ ደጅ ደፋችው።

«ይህ ሌላ ትል ነው፤ ከአፈር በባዶ እግር ገብቶ ደም የሚመጥ። አፈር የሚያሰኛትም የደሟ ማነስ ነው። ለእሱ ክሊኒክ ክኒን አለ፤ ኮሶ ግን ጽንስ ያስወርዳል፣ እማማ።»

ወይዘሮ ሽፋ ቀስ ብለው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አምናም አጠጥቻት ነበር» አሉ። «በማግሥቱ አስወረዳት። አላህ የወሰደው ነው ብዬ ያጽናናኋት እኔው ነኝ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ፤ እኔ ነኝ?»

አስካለች በእጇ የቀረውን ባዶ ዋንጫ አጠገባቸው አስቀመጠች። ከሪማ ተናደደች፤ አዘነችም፤ ቢሆንም የአማቷን እጅ ያዘች።

በመጋቢት መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች፤ ቀጫጫ፣ ጩኸቷ ግን ሰፈር የሚያናውጥ።

የዚያ ዘመን ታሪክ ሰልፉን ጽፏል፤ ማኅበሩን ጽፏል፤ ካድሬውንም አልረሳም። ወይዘሮ ሽፋ ከዚያ ወዲያ ሆዱ የተነፋ ሕፃን ባዩ ቁጥር፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ እጁን ይዘው ክሊኒክ ሲያደርሱ መኖራቸውን ግን ማንም ታሪክ ብሎ አልቈጠረውም። እርሳቸውም ያን ጥያቄ እስኪሞቱ ድረስ አልደገሙትም፤ መልሱን ያውቁት ነበርና።